ኤፍ ኤስ አር በሊዝ ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄውን በኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የጻፈው የፍኖተ ሰላም ሾፌር ነው። ለዓመታት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሯል። ከቡሬ በቆሎ፣ ከቢቸና ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ሲመለስ ቆርቆሮም ይሁን ሲሚንቶ ያገኘውን ያመጣል። አሁን በቃኝ፣ የራሴን ኤፍ ኤስ አር፣ ማለትም የአይሱዙ የጭነት መኪና፣ ልያዝ ብሏል።

ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ተቋም ነው፣ እንደ መኪና ያለ ዕቃ ገዝቶ በሊዝ፣ ማለትም በኪራይ፣ የሚሰጥ ድርጅት። 20 በመቶ ካስያዘ አዲስ ኤፍ ኤስ አር ተገዝቶ ይሰጠዋል፣ በ4 ዓመት ከፍሎ ይጨርሳል። ሌላው የሚያውቃቸው ባለንብረት ናቸው። ያገለገለ መኪናቸውን ይረከባል፣ በየወሩ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ 3 ዓመት ሲሞላ መኪናው የሱ ይሆናል። የቱ ያዋጣል? ነው ጥያቄው።

ከሥር የራሱን ስሌት አያይዟል። በወር 4 ደርሶ መልስ ብሎ ይጀምራል። ናፍጣ፣ ረዳት፣ ሰርቪስ፣ የወር ክፍያ እያለ ቀንሶ ሲያበቃ ትርፍ ይቀረዋል። ጥሩ ትርፍ ነው። ያንኑ በ12 አባዝቶ ዓመታዊ ገቢውን አውጥቷል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ለጭነት ባለንብረቶች ሒሳብ እጽፋለሁ። ስለዚህ ይቺ በ12 የማባዛት ነገር ገና ሳያት አላማረችኝም። ክሩን፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተደረደሩትን መልሶች፣ እስከ ታች የተከታተልኩትም ማን ይነካት ይሆን ብዬ ነው።

1ኛውና 2ኛው መልስ እንኳን ደስ አለህ ነው። ሁለቱም ውል ሳይፈረም መርቀውታል።

ሥራው የተጀመረው በ3ኛው ነው። ጸሐፊው ባሕር ዳር ባንክ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። በጣም በትህትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመነሻው ብር ላይ? ጠያቂው በ4ኛው መልስ ሁለቱም 15 በመቶ ከሆነ ልዩነቱ ምንድን ነው አለ። 5ኛው ላይ ባንከኛው ቁጭ ብሎ አሰላለት። ዕዳው 1 ሚሊዮን ብር፣ ጊዜው 4 ዓመት ይሁን። በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ ወርሃዊው ክፍያ 27,830 ብር ገደማ ነው። ጠቅላላ ወለዱም 336 ሺህ ብር አካባቢ ይመጣል። ዕዳው እየቀነሰም ወለዱ በመነሻው 1 ሚሊዮን ላይ እየታሰበ ከቀጠለ ግን ወርሃዊው 33,333 ይሆናል፣ ወለዱ ብቻ 600 ሺህ ነው። ወረቀቱ ላይ 15 በመቶ ይባል እንጂ በቀሪ ዕዳ ሲተረጎም 25 በመቶ ግድም ነው። ጠያቂው አመስግኖ ተቋሙን ልጠይቅ ብሎ ወጣ። ከክሩ ሁሉ ወዲያው ገንዘብ የሚያወጣው ምክር ይሄ ይመስለኛል። በአንድ ስልክ የሚጣራ ነገር ነው።

6ኛው መልስ የደምበጫ ሰው ነው፣ ዕድሜውም የገፋ ይመስላል። የሰው ወርቅ አያደምቅም ብሎ ተርቶ፣ ሊብሬው በሰው ስም እያለ ባለንብረት ነኝ ማለት ራስን ማታለል ነው ባይ ነው። 7ኛው አያ ብሎ አክብሮ ጀመረና ወርቁ እኮ ዳቦ እያበላ ነው ብሎ መለሰለት። የሰው መኪና እየነዱ ማርጀትስ ያደምቃል ወይ ሲልም ጨመረ። 15 ሰው ወዶለታል።

8ኛዋ የቡሬ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ መኪናውን ሾፌር ቀጥረው የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው። ምክር አልጻፉም። የሐምሌን ወር ሒሳብ ከደብተራቸው ፎቶ አንስተው ለጠፉ። ባለ መስመር ደብተር ነው፣ ጠርዙን ዘይት ነክቶታል። ናፍጣ፣ የረዳት አበል፣ የደላላ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የሌሊት ጥበቃ፣ ጎሚስታ በየረድፉ አለ። አንዱ መስመር ላይ ከቢቸና ወረድ ብሎ ጭቃ፣ ትራክተር ጎትቶ አወጣን ይላል፣ ከጎኑ የተከፈለው አለ። ከሁሉ በስተቀኝ ግን በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ ዓምድ አለ። ርዕሱ የቆመበት ነው። ከወሩ 30 ቀን መኪናው የሠራው 9 ቀን ነው። 21 ቀን ቆሟል። ከሥሩ የባንኩ ክፍያ ተጽፏል፣ እሱ እንደማንኛውም ወር ሙሉ ነው።

ከፎቶው በታች አንድ መስመር ብቻ አከሉ፦ ያንተ ስሌት የጥር ነው፣ ሐምሌንም አስላልኝ።

እኔ ብሆን ክሩን እዚህ ላይ እዘጋው ነበር። የጎጃም ጭነት ወቅት አለው። አዝመራ ከተወቃበት እስከ መጋቢት ድረስ መኪና ይፈለጋል፣ ዋጋውም ለባለመኪናው ነው። ሚያዝያና ግንቦት ማዳበሪያ ይመጣል። ትልልቁ ተሳቢ ከጅቡቲ እስከ ገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን ያደርሰዋል፣ ከመጋዘን ወደ ቀበሌ ያለው ለአይሱዙ ይተርፋል። ሐምሌና ነሐሴ ገበሬው ጎተራውን አሟጦ እርሻው ላይ ነው፣ የገጠሩም መንገድ ጭቃ ነው። የሊዙ ክፍያ ግን መኸርና ክረምት አይለይም። በ12 የተባዛው ጥር እዚህ ጋ ይፈርሳል።

9ኛው ይህንን ተቀብሎ፣ ክረምትም ቢሆን ከእንጅባራ ድንች አለ፣ ከፋግታም ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚወጣ ከሰል አለ፣ ሰነፍ ሾፌር ነው የሚቆም አለ። 10ኛው የአዊ ልጅ ስለሆነ ነገሩን አረመው። ድንቹ ባለቤት አለው፣ ደላላው የሚጠራው የለመደውን መኪና ነው፣ አዲስ ገቢ ወረፋ ይጠብቃል። ከሰሉ ደግሞ ቀላል ጭነት ስለሆነ ሰማይ ጠቀስ አድርገው ይጭኑታል፣ ዝናብ ሲመታው ይከብዳል፣ ዓባይ በረሃ ላይ ዋጋውን ያስከፍላል። 11ኛዋ ባዶ መመለስን አስታወሰች። አዲስ አበባ መርካቶ ወይ እህል በረንዳ አራግፎ ጭነት ጥበቃ 3 ቀን ያደረ ሾፌር ያንን 3 ቀን በስሌቱ የት እንደሚያስገባው ጠየቀች። ሆቴል፣ ምግብ፣ ፓርኪንግ አለ። ጠያቂው መልስ አልሰጠም። 12ኛው ከልኩ በላይ እየጫኑ ክፍያውን ማካካስ ይቻላል አለ። ሦስት ሰው ተረባርቦ አስቆመው። ጎማው፣ ባሌስትራው፣ ሚዛን ላይ የሚጻፈው ቅጣት ተቆጠረለት። አንዱማ አይሱዙን በከተማ አልቃይዳ ያስባላት እንዳንተ ያለ ሰው ነው ብሎታል።

ዓባይ በረሃ ስሙ ከተነሳ ወዲያ ክሩ ወደዚያው ወረደ። ከጎሐ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ከጎጃም የሚጭን ሰው ሁሉ ሒሳቡ እዚያ ይለካል። 13ኛው በስንተኛ ማርሽ እንደሚወረድ ጻፈ። 14ኛው በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው የፍሬን ሸራ በየስንት ጊዜው እንደሚቀይር ተረከ፣ በሞተር ፍሬን የሚወርደው ግን ዓመት ይነዳበታል አለ። 15ኛው ስለ ድልድዩ ነው። ጃፓኖች በ2000 ዓ.ም. የጨረሱት ድልድይ አለ፣ አሮጌው አጠገቡ ቆሟል። ድልድዩ ደህና ነው፣ አፈሩ እየተንሸራተተ አስፋልቱን የሚያስቸግረው ዳገቱ ነው። 16ኛው ደግሞ የባሕር ዳሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስንት ደቂቃ እንደሚያተርፍ ማስላት ጀመረ። የሊዝ ጥያቄ እዚህ ጋ ተረስቷል። አልቆጨኝም፣ የሸራው ጨዋታ ራሱ ሒሳብ ነው።

ወደ ነገሩ የመለሰው 17ኛው ነው፣ አመላለሱ ግን ሻካራ ነበር። መንገድ ሲዘጋስ ብሎ ጠየቀ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ እዚህ አገር መኪና የያዘ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ያውቃል። ሳምንት የተዘጋ መንገድ አለ፣ ከዚያ በላይም አለ። እንግዲህ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ነው ተብሎ ክፍያው ይቆማል ብሎ ደመደመ፣ ሕግ አለ እኮ አለ።

18ኛው ጠበቃ ነው ወይም ጠበቃ አጠገብ የዋለ ነው። ሕጉን አንብበህ ነው የምታወራ? ብሎ ገባ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሚባለውን በጠባቡ ነው ያሰመረው። አስቀድሞ ሊገመት የማይችልና ባለዕዳውን ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደው ነገር መሆን አለበት። አንቀጽ 1794 ደግሞ የዋጋ መናርን ከዚያ ውስጥ አያስገባም። መንገድ ቢዘጋ መኪናው አይሄድም እንጂ ገንዘብ መክፈል አይከለከልም ብሎ አከራዩ ይከራከራል፣ ያሸንፋልም። መፍትሔው ፍርድ ቤት ሳይሆን ውሉ ነው። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ክፍያው ወደ ኋላ ይገፋል የሚል አንቀጽ ሳይፈርሙ ማስገባት። ተቋሙ እምቢ ካለም እምቢታው ራሱ መልስ ነው።

17ኛው ተቆጣ። 19ኛውን መልስ ሙሉውን ስድብ አደረገው፣ አልደግመውም። የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ ቃሉን አጠፋና ሁለቱንም ገሠጸ። ጠበቃው አነጋገሩ ባያምርም ያለው ልክ ነው።

20ኛው የሞጣ ሰው ነው። ሊዝ ያዋጣል፣ እኔን አዋጥቶኛል አለ። በ2015 ውል ፈረመ፣ ክፍያው በብር ተቆርጦ የተጻፈ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ የመኪና ዋጋ ተተኮሰ፣ የሱ ዕዳ ግን እዚያው ነው። የጭነት ዋጋም ስለጨመረ የወር ክፍያው እየቀለለው መጣ። ዛሬ መኪናውን ቢሸጥ ዕዳውን ዘግቶ ሌላ ይገዛል። 21ኛው ይሄ ዕድል እንጂ ሥራ አይደለም አለ። አሁን የሚገባው ሰው የሚገባው በአዲሱ ዋጋ ነው፣ ጎማውም ሞተሩም የሚገዛው በአዲሱ ምንዛሪ ነው። በ2015 የገባን ሰው አይቶ ዛሬ መግባት የዘንድሮን ዘር በአምና ዝናብ መዝራት ነው። 22ኛው ግን ብር ነገም ቢወርድስ ሲል ጠየቀ። በብር የተቆረጠ ዕዳ ያኔም ባለዕዳውን ይጠቅማል። ሦስቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ብር ይወርዳል ብሎ መኪና የሚገዛን ሰው ሒሳቡን ከመጻፌ በፊት ቡና ጋብዤ አዋየዋለሁ።

23ኛው መልስ ከዴንቨር ነው የመጣው። የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፣ አሜሪካ ትልቁን መኪና ይነዳል። እዚያም በኪራይ እየከፈሉ ባለመኪና መሆን የሚባል ነገር አለ አለ። መኪናውን የሚያከራይህ ጭነት የሚሰጥህ ድርጅት ራሱ ነው። የመኪናውን ክፍያ፣ የጥገና መጠባበቂያውን፣ ኢንሹራንሱን ከሳምንቱ ሒሳብህ ቀድሞ ይቆርጣል። ጭነት ሲቀንስብህ መክፈል ያቅትሃል፣ ያቃተህ ደግሞ እሱ ጭነት ስላልሰጠህ ነው። መኪናው ይመለስና ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። በ2021 እንደ ፈረንጆች በወጣ ሕግ ይህንን የሚመረምር ግብረ ኃይል ተቋቁሞ ነበር። በ2025 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያለው አሠራር እንዲከለከል ለኮንግረሱ ሐሳብ አቅርቧል። የዴንቨሩ ልጅ ምክር አንድ ነው። የመኪናህ አከራይና የጭነትህ ሰጪ አንድ ሰው እንዳይሆኑ ተጠንቀቅ።

24ኛው ለዚህ ሁሉ የሰጠው መልስ እዚያ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ እንዴት ይወጣል የሚል ነበር። 25ኛውም ተከተለው። ዴንቨር የፈለገ ሰው በየመልሱ መሃል እስከ መጨረሻው አልጠፋም።

26ኛዋ ግን ነገሩ ገባት። ጠያቂው የጠቀሳቸው ባለንብረት ጭነቱንም ያመጡልሃል ወይ አለችው። ከረጅም ዝምታ በኋላ በ27ኛው መለሰ፦ አዎ፣ ደላላቸው አለ። ቀጥላ ውሉ የት ተፈረመ አለችው። ውል የለም፣ በቃል ነው፣ ሰውየው የታመኑ ናቸው አለ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ቀለጠ። 28ኛው በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ተኩል ገቢ ያስገባ የአጎቱን ልጅ ታሪክ ነገረን። ሞተሩን በራሱ ወጪ አስወርዶ አሠርቷል፣ ስድስቱንም ጎማ ቀይሯል። ባለመኪናው ሲያርፉ ወራሾቹ ሊብሬውን ይዘው መጡ። የልጁ ስም ያለበት አንድም ወረቀት አልነበረም። ወራሾቹ ክፉዎች አልነበሩም፣ ነገሩን ጨርሶ አያውቁም ነበር እንጂ። የታመነ ሰውም ይሞታል፤ 28ኛው ሊል የፈለገው ይሄን ነው። 29ኛው ጠንከር አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎ፣ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ያልጸደቀ የመኪና ውል ውል አይባልም አለ። 6ኛው ሽማግሌ ተመልሰው የሰው ወርቅ ያልኳችሁ ይሄንን ነው ብለው ሄዱ። በዚህኛው ላይ ልክ ናቸው።

30ኛው ደግሞ የተቋሙን ሊዝ ከዚህ ጋር አታምታቱት አለ። ሊብሬው በተቋሙ ስም መሆኑ አንድ ነው፣ ግን እዚያ ሕግ አለ። የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103/1990 ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 807/2005 ተሻሽሏል። የኪራዩን ዓይነት ይለያል፣ የሁለቱን ግዴታ ያስቀምጣል። ካልተከፈለ አከራዩ መኪናውን መልሶ መውሰድ ይችላል፣ እሱም እዚያው ተጽፏል። ተከራዩ የሚፈርመው የዱቤ ግዢ ኪራይ ይሁን ሌላ ማየት አለበት፣ መጨረሻ ላይ መኪናው በማን ስም እንደሚዞር የሚወስነው ያ ነው።

ወለድ ለማይፈልግ ሙራባሃ አለ ያለው 31ኛው ነው። ባንኩ መኪናውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በታወቀ ዋጋ ይሸጥልሃል፣ ዋጋው ከዚያ ወዲያ አያድግም። ለጠያቂው ጥሩ መንገድ ሊሆን ይችል ነበር፣ ማንም ግን አልተከተለውም። 32ኛው እቁብ ግቡ አለ። በእቁብ ኤፍ ኤስ አር ለመግዛት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አንድ ሰው ጠየቀው፣ እሱም ለከመነዳሪ፣ ለጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ እንኳ ይሆናል ብሎ አሳቀን።

ጠያቂው በ33ኛው ተመለሰ። ተቋሙን ደውሎ ጠይቋል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ነው፣ እዚህ ላይ ተነፈሰ። ክፍያው በየወሩ ከሚሆን በየሩብ ዓመቱ ይሁንልኝ፣ የክረምቱ ይነስልኝና የጥር ወሩ ይብዛ ብሎ በጽሑፍ አመልክቷል። መልስ እየጠበቀ ነው። ባለንብረቱን ደግሞ ውልና ማስረጃ እንሂድ ብሏቸው አኩርፈዋል። ስሌቱን በአዲስ መልክ ለጥፏል። አሁን 12 ዓምድ አለው። የሐምሌ ትርፍ በቀይ ነው፣ የነሐሴም። የዓመቱ ድምር ከመጀመሪያው ግማሹን እንኳ አይሞላም፣ ግን ከዜሮ በላይ ነው። የቡሬዋ እናት በ34ኛው አንድ ነገር ብቻ አስጨመሩት፦ ከጥር ገቢ ላይ የሁለት ወር ክፍያ ተነስቶ በሌላ ደብተር ይቀመጥ፣ ማንም እንዳይነካው።

35ኛው ኢንሹራንስ አነሳ። ሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ተቋሙ ግን ሙሉ መድን ያስገባሃል፣ መኪናው ቢገለበጥ ካሳው መጀመሪያ የሚሄደው ለማን ነው ሲል ጠየቀ። በ36ኛው ባንከኛው መለሰ። ባለቤቱ ተቋሙ ስለሆነ ካሳው ቀድሞ ቀሪ ዕዳውን ይዘጋል፣ የተረፈ ካለ ለተከራዩ ነው። መድኑ የገባው ባነሰ ዋጋ ከሆነ ምንም ላይተርፍ ይችላል። ስለዚህ የመኪናው የመድን ዋጋ በየዓመቱ ሲታደስ ከገበያው ጋር ይስተካከል፣ የፖሊሲውም ኮፒ በተከራዩ እጅ ይኑር።